ሦስተኛው ተጫዋች

ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው። «ጓድ ሊቀመንበር» እያልኩ ወንበር ስቤለታለሁ፣ ካፖርቱን ተቀብዬ ሰቅዬለታለሁ። እዚህ ግን አንቱታ የለም። እዚህ የምናገረው እኔ ስለሆንኩ «እሱ» እለዋለሁ፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። እኔ ያኔ ወሎ ሰፈር፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች በአንዱ እኖር ነበር። ሠላሳዎቹን አጋምሻለሁ፣ ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። በአንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ «ሃሎ፣ ማንን ፈልገው ነው?» እያልኩ ስጮህ እውልና ቤቴ ስገባ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ከራሴ በላይ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል፣ ወንድሜ ተኝቷላ!

አፈሳው የከረረበት ጊዜ ነው። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ከመንገድ፣ ከአውቶቡስ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር እየታፈሰ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር። እያንዳንዱ ቀበሌ የሚያስረክበው ኮታ አለው። ታላቃችንን ቀድመው ወስደውታል፤ እሱም አልተመለሰ፣ ወሬውም አልተመለሰ። ይሄኛውን እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ «ሐረር አጎቱ ጋ ሄዷል» ብዬ አስወራሁና ከቁም ሳጥኑ በላይ ባለው የኮርኒስ ክፍተት አወጣሁት። ሳንቃ ዘርግቼ ፍራሽ አነጠፍኩለት። ቀን ቀን ቆርቆሮው ሲግል እዚያ ላይ ሰው ይበስላል። ሲመሻሽ መጋረጃውን ዘግቼ አወርደዋለሁ፤ ይበላል፣ ይታጠባል፣ እግሩን ያፍታታል፣ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ኑሮ አልነበረኝም።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጨዋታ የተማርኩት። ጉድ እኮ ነው!

አንድ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ደጃፌ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ገበጣ እንጫወት ነበር። ጎረቤቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትነግድ የወሎ ሴት ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ግድግዳችን አንድ ነው። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ጋራዥ የሚሠራ ጎረምሳ። ጋራዡ የመንግሥት መኪና ስለሚጠግን የሠራተኛ ወረቀት ተሰጥቶት እስካሁን አልነኩትም፤ እሷ ግን ማታ ማታ ገብቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ አትቀመጥም።

ገበጣ ላይ ማንም አይችለኝም። ጉራ አይደለም፣ ጠጠሩ የት ዞሮ የት እንደሚያርፍ ሳላነሳው አውቀዋለሁ። እትዬን ቤቷን ባዶ አስቀርቼ እየሳቅኩባት ሳለ የሰው ጥላ ገበጣው ላይ ወደቀ። እትዬ ቀና ስትል ሊቀመንበሩ ነው፤ ጠጠሯን ጥላ ብድግ አለች። እኔ ደግሞ ይሄ የማይረባ አፌ ቀደመኝና «ጓድ፣ ጥላዎን ገለል ያድርጉልኝ፣ ጉድጓዱ አልታይ አለኝ» አልኩት። ከተናገርኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እሱ ግን ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ትንሽ አየን።

«አርቀሽ ትቆጥሪያለሽ» አለኝ። «እውነተኛ ጨዋታ ላስተምርሽ። በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ።»

እምቢ ልበል? ሊቀመንበርን እምቢ ያለ ሰው ቤቱ ይፈተሻል። የኔ ቤት ደግሞ የሚፈተሽ ቤት አይደለም። «ደስ ይለኛል ጓድ» አልኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ወፍራም ሰሌዳና ሁለት የእንጨት ሳጥን ይዟል። ለሥልጠና ሰሜን ኮሪያ ልከውት ነበር፤ እዚያ አስተርጓሚው ጨዋታውን አስተማረው፣ ሲመለስም ሰሌዳውን ሸለመው። እነሱ ባዱክ ነው የሚሉት። ዓለም ጎ እያለ የሚጠራው ይሄንኑ እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አገሩ ከገባ ጀምሮ የሚጫወተው ሰው አላገኘም። ጓዶቹን ሊያስተምር ቢሞክር ገና ሳይጀምሩ ተሰላቹበት፤ ሚስቱ ሰሌዳውን ዱቄት ማስጫ ልታደርገው ነበር። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ እውነተኛ ቅሬታ አየሁ፤ እኔም ሳላስበው አዘንኩለት፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ።

ጨዋታው ሲያዩት የልጅ ነው። ሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር ተሰምሯል፤ አንዱ ጥቁር ድንጋይ፣ አንዱ ነጭ ድንጋይ ይዞ በየተራ መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ያስቀምጣል። የተቀመጠ ድንጋይ አይንቀሳቀስም። ይኼ ነው መጀመሪያ ያቃጠለኝ! ገበጣ ላይ ጠጠር ይዞራል፣ ያጠፉትን ሲዞሩ ያርሙታል። እዚህ ግን ያስቀመጡት ድንጋይ እንደተቀመጠ ያፈጥብዎታል። በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ትንፋሹ ነው። ጠላት ትንፋሹን ሁሉ ከዘጋው ይሞታል፣ ከሰሌዳው ይነሳል። ተያይዘው የቆሙ ድንጋዮች በመካከላቸው ሁለት ባዶ ቦታ፣ እሱ «ሁለት ዐይን» የሚለው፣ ካላቸው ማንም አይገድላቸውም። አንድ ዐይን ብቻ ካላቸው ቀናቸውን ይጠብቃሉ እንጂ ሞተዋል። በመጨረሻ ብዙ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። ይኸው ነው።

ይኸው ነው ያልኩት ነገር ወገቤን ሰበረው። ጀማሪ ስለሆንኩ ዘጠኝ ጥቁር ድንጋይ አስቀድሜ እንድደረድር ፈቅዶልኝ እንኳ ያራግፈኛል። አንድ ድንጋይ ሲይዝብኝ ላድነው እሮጣለሁ፤ እሱ ይከተለኛል፤ እንደ መሰላል አንድ ወደ ጎን አንድ ወደ ላይ እያልን ሰሌዳውን አቋርጠን ጠርዙ ጋ ስንደርስ መውጫ የለም። ያኔ አንዱን ለማዳን የሮጥኩትን ሁሉ ጠራርጎ ያነሳል። እየለቀመ ሳጥኑ ክዳን ላይ ሲጥላቸው የሚሰማው ቀጭ ቀጭ አሁንም ያመኛል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይለኛል እየሳቀ። «ሊሞት የደረሰውን ተይው። ሌላ ቦታ ተጫወቺ።»

ተይው! በልቤ «አፍህን ይዝጋው» እለዋለሁ። ወንድሟን ከራሷ በላይ ያስተኛች ሴት «ተይው» የሚል ጨዋታ እንዴት ይገባታል?

እሑድ በመጣ ቁጥር ይመጣል። ከምሳ በኋላ፣ ቆርቆሮው በጋለበት ሰዓት። ጠረጴዛው ከኮርኒሱ ክፍተት ራቅ እንዲል ወደ መስኮቱ ስቤዋለሁ። ወንድሜ እሱ ከመምጣቱ በፊት ውኃ ጠጥቶ፣ ጨርቅ ነክሶ በሆዱ ይተኛል። እኔ ደግሞ ሬዲዮኑን ከፈት አድርጌ አስቀምጣለሁ። አንዳንዴ ሳንቃው ሲጥ ይላል። ያን ጊዜ ድንጋይ እጄ ላይ እንዳለ የት እንደማስቀምጥ ይጠፋኛል። እሱ ጨዋታው የከበደኝ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከላይ ሦስት ጣት የምትሞላ አቧራ ዘፍ ብላ ሰሌዳው መሃል ወደቀች። ሊቀመንበሩ በትንፋሹ እፍ ብሎ አባረራት።

«አይጥ አለብሽ።»

«ኧረ ምን አይጥ ብቻ ጓድ፣ ጨረሱኝ እኮ!»

«ቀበሌ መርዝ አለ። ወጥቶ የሚረጭ ሰው ልላክልሽ?»

«አይ፣ መርዝ የበላ አይጥ እዚያው ሞቶ ይሸተኛል» አልኩት። «ወጥመድ እገዛለሁ።» ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። እሱ ሲሄድ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጥርሴ ሲገጫጭ ሰማሁት።

የሰፈሩ ወሬ ደግሞ ሌላ ነው። ሊቀመንበር እሑድ እሑድ ካላገባች ሴት ቤት ሰዓታት ሙሉ ተቀምጦ የሚወጣ፣ ምን ሊያደርግ ነው? ድንጋይ ሊደረድር? እኔም ብሆን አላምንም። ቧንቧ ጋ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ውሽማው ነች ተባለ። አንዷማ «ታድላ፣ ስኳር አይቸግራት» ስትል ሰማኋትና ባልዲዬን እግሯ ሥር አፈሰስኩት። ግን አላስተባበልኩም። ውሽማ ናት የተባለች ሴት ቤት አይፈተሽም። ስሜ ይቆሽሽ፣ ወንድሜ ይኑርልኝ አልኩ። አንዲት ቀን እንኳ ፊቷን ያላጠቆረችብኝ እትዬ ብቻ ነበረች።

ከላይ ደግሞ እኔ ያላሰብኩት ነገር ይካሄድ ነበር። ወንድሜ ኮርኒሱን በሚስማር በስቶ ቁልቁል ሰሌዳውን ያያል። ለካ ጨዋታው ከላይ ሲያዩት ሌላ ነው! አንድ ቀን ሲመሻሽ ወርዶ እግሩን እያሸ «እቴቴ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ እሱ ካስቀመጠበት ጎን የምታስቀምጪው? እሱ ነው እኮ የሚመራሽ።» ሳቄ መጣ። ካርቶን ላይ መስመር አሰመረ፤ ለነጩ ሽምብራ፣ ለጥቁሩ የከሰል ፍርፋሪ አደረግን። እያንሾካሾክን ተጫወትን። ገና በሁለተኛው ቀን ደበደበኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እኔ የዘጠኝ ከሰል ብልጫ እየወሰድኩ እንኳ አልችለውም።

እዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ የለውማ። ዐይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። ወራት ሙሉ ዝም ብሎ ግድግዳ ሲያይ የነበረ ልጅ፣ ደረቱ ገብቶ ፊቱ ሻግቶ የነበረ ልጅ፣ እንደገና ሲከራከረኝ፣ ሲያሾፍብኝ ሳይ ደስታዬ ወሰን አጣ። «እቴቴ፣ ይኼን ነገር ተይና ወደ ገበጣሽ ተመለሺ» ይለኛል። ሊቀመንበሩን እንኳ በሆዴ አመሰገንኩት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይህን ነው።

የዚያን ቀን እሑድ ሙቀቱ ሌላ ነበር። ሊቀመንበሩ ከስብሰባ ተናድዶ መጥቷል፤ የቀበሌው ኮታ እንዳልሞላ፣ የበላይ አካል እንደተቆጣው ሳይፈልግ አመለጠው። ንዴቱን ሰሌዳው ላይ ተወጣብኝ። አንድ ጥግ ላይ ያሉኝን ድንጋዮች ከቦ ትንፋሻቸውን አንድ በአንድ ይዘጋል፣ እያንጎራጎረ። ድንጋዬን አንስቼ ላድናቸው ስል ሳቀ። «ያው ነሽ» አለኝ፤ «መቶ ዓመት ብትጫወቺ ያው ነሽ።»

ንዴት ዐይኔን ሸፈነው። ያ የማይረባ ጠባዬ! ትናንት ሲመሻሽ ወንድሜ ልክ እንዲህ ያለ ነገር በሽምብራና በከሰል አሳይቶኝ ነበር። «ጥጉን ተይው፤ እሱ እዚያ ሲደክም አንቺ መሃሉን ያዢ፣ እዚህ ጋ» ብሎ ጣቱን አስቀምጦልኝ ነበር። የያዝኩትን ድንጋይ ከጥጉ መለስኩና መሃል ሜዳ፣ ማንም በሌለበት፣ ያችን ቦታ ላይ ጠቅ አደረግኳት። እንካ!

ማንጎራጎሩ ቆመ።

ሰሌዳውን አየ። እኔን አየ። እንደገና ሰሌዳውን አየ። ሬዲዮኑ ብቻ ያወራል። እጁን ዘርግቶ ዘጋው።

«ይኼ ያንቺ አይደለም» አለ።

«የኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? አውቶቡስ ውስጥ ሳስብበት መጥቶልኝ ነው።»

እሱ አንድ ነጭ ድንጋይ አጠገቧ አስቀመጠና «ቀጥይ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወንድሜ አላሳየኝም ነበር። እንደ ልማዴ ከድንጋዩ ጎን አስቀመጥኩ። እሱ ሌላ ጨመረ። እኔም ጨመርኩ። ከዚያ ወደ ኋላ ተለጠጠ።

«አየሽ፣ አሁን አንቺ ነሽ። ይኼም አንቺ ነሽ።» ጣቱን ወደ መሃሉ ድንጋይ ቀሰረ። «ይቺ ግን አንቺ አይደለሽም። በዚህ አገር ይኼን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው እኔና አንቺ ነን። መጥፎ ልማድሽን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። ይቺን አላስተማርኩሽም።»

ምን ልበል? ሁለት ሰው ብቻ በሚያውቀው ጨዋታ ውስጥ የሦስተኛ ሰው እጅ አስገብቼ ቁጭ ብያለሁ። የወንድሜን መታወቂያ ብሰጠው ይሻል ነበር። ጣሪያውን እንዳላይ ዐይኔን ሰሌዳው ላይ ቸነከርኩት፤ እንዲያ ማድረጌ ራሱ እንደሚያሳብቅብኝም አወቅኩ፤ ግን ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ቀና ሳይል፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ውረድ» አለ። «ና ውረድና ጨርሰው።»

ወንበሬ ተገለበጠ። ጉልበቱ ላይ ወድቄ ነው ራሴን ያገኘሁት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በእናትዎ! አንዱን ሰጥቻለሁ! አንዱን ወስዳችሁብኛል፣ ይኼን ብቻ፣ ይኼን ብቻ ይተዉልኝ! እኔን ውሰዱኝ!» ትከሻዬን ይዞ አነሳኝ። ከላይ ሳንቃው ሲጥ አለ። እግር ከኮርኒሱ ክፍተት ወጣ፣ ቁም ሳጥኑን ረገጠ። ወንድሜ በጠራራ ፀሐይ ብርሃን ቤቱ መሃል ቆመ። በቀን ብርሃን ካየሁት ወራት አልፈዋል፤ እንዲህ መክሳቱን ያኔ ነው ያየሁት። እንደ ሽማግሌ ጠረጴዛውን ይዞ ነበር የቆመው።

«ተቀመጥ» አለው።

ተቀመጠ። ከሳጥኑ አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሳና አገላብጦ ዳሰሰው፤ እስከዚያ ቀን ከከሰል ፍርፋሪ በቀር ይዞ አያውቅም። አስቀመጠ። ሊቀመንበሩ አሰበ፣ አስቀመጠ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ማን እንዳሸነፈ እንኳ አላውቅም፤ ከበሩ ውጭ ያለውን ነበር የማዳምጠው፣ የአብዮት ጥበቃ ኮቴ። ከጨረሱ በኋላ ግን ሊቀመንበሩ ድንጋዮቹን መልቀም ትቶ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ሲያይ፣ ከዚያም «አዬ!» ብሎ ሲስቅ አስታውሳለሁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ልጅ የሆነ መሰለ።

ከዚያ ተነሳ፣ ካፖርቱን ለበሰ። ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቀለለና ወንድሜ ትከሻ ላይ አሸከመው።

«ዕቃዬን ተሸክሞ ከኔ ጋር የሚሄድን ሰው ማንም አያስቆመውም። ከኮተቤ ኬላ ወዲያ የራስህ ጉዳይ ነው» አለው። ወደኔ ዞረ። «የት እንደሚሄድ አትንገሪኝ።»

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ዛሬም አላውቅም። አዝኖልኝ ይሆን? ወይስ ያገኘውን አንድ ተጫዋች ለጥይት መስጠት ሳስቶ? አልጠየቅኩትም። መጠጊያውን ለክፉ ቀን አስቀድመን ተነጋግረን ነበር። ወንድሜን ሳምኩት፤ ብርድ ልብሱ በመካከላችን ነበር። ወጡ። ግቢው በሙሉ ሊቀመንበሩ ዕቃ አሸክሞ ሲሄድ አየ፤ ፊቱ በብርድ ልብሱ ስለተጋረደ ተሸካሚውን ልብ ያለው የለም።

ሐሙስ ዕለት የእናታችን አበልጅ፣ የካ አባዶ የሚያርሱ የኦሮሞ ሽማግሌ፣ እንጨት ሊሸጡ ከተማ ገብተው በደጄ አለፉ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላበት ያ ቦታ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ ነበር። «ጥጃዬ ደህና ገባልኝ» ብለውኝ ሄዱ። በሬን ዘግቼ፣ አፌን በትራስ አፍኜ፣ በደስታ አለቀስኩ።

ግን ከሐሙስ በፊት ሰኞ ነበረ። ሰኞ ጠዋት አፈሳው ጋራዡ ደጃፍ ደረሰ። የእትዬን ልጅ ከነወረቀቱ ወሰዱት።

ሳምንቱን ሙሉ ከግድግዳው ወዲያ ስታለቅስ ሰማኋት። እትዬ ቅዳሜ ማታ ገባችና እግሬ ላይ ተደፋች። «በአላህ ይዤሻለሁ» አለችኝ። «ሰው ብዙ ያወራል፣ እኔ አልፈርድብሽም። አንቺን ይሰማሻል። ገና ከአዲስ አበባ አልወጡም አሉ፤ መጋዘን ውስጥ ናቸው። አንድ ቃል ተናገሪልኝ።» አነሳኋት። እነግረዋለሁ ብዬ ማልኩላት። ከልቤ ነበር የማልኩት።

እሑድ እንደ ወትሮው መጣ፤ ሰሌዳውን ዘረጋ። ዘጠኝ ድንጋዬን ሳልደረድር «ጓድ» አልኩት፣ «የጎረቤቴ ልጅ።»

«አውቃለሁ።»

«ያላት እሱን ብቻ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ወረቀት ነበረው እኮ! የሚሠራ ልጅ፣ ወረቀት ያለው ልጅ፣ በምን ሕግ ነው?» ድምፄ ከፍ አለ። እሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ግድግዳውን በዐይኑ አሳየኝ። ከወዲያ በኩል ልቅሶው ቆሟል። እየጠበቀች ነበር።

ወደ ሰሌዳው ጎንበስ ብሎ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ተናገረ። «አንድ ሰው ነበር የጎደለኝ። እሑድ አንድ ለቀቅኩ፣ ሰኞ አንድ ያዝኩ። እስከ ረቡዕ አይጫኑም። ምትክ ካመጣሁ ልጇን ይለቁልኛል።» ዐይኑን ከሰሌዳው አነሳ። «ወንድምሽ የት እንደሄደ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?»

ዛቻ አልነበረም። ዛቻ ቢሆን እጮህበት ነበር፣ ሰሌዳውን ፊቱ ላይ እገለብጠው ነበር። የጠየቀኝ ሰው መስሎ፣ ደክሞት፣ መልሱን ከኔ ሊሰማ ነው። በኔ ቦታ ቆሞ የማያውቅ አይፍረድብኝ። የእትዬን ልጅ ፊት አየሁ፤ የወንድሜንም ፊት አየሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው። የካ አባዶ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር ብል ውሸት ነው። አልነበረም። አንዲት ደቂቃ እንኳ አልነበረም።

ዘጠኙን ድንጋይ መደርደር ጀመርኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ነው የገረመኝ። እሱም ሳይናገር የነጩን ሳጥን ከፈተ። እስከ መጨረሻው ተጫወትን። አሸነፈኝ።

ሲወጣ እትዬ ሻርፗን በእጇ ጨብጣ ደጃፌ ላይ ቆማ ነበር። እስኪርቅ ጠበቀች።

«ምን አለሽ?»

«እምቢ አለኝ» አልኳት።

ዐይኗን ጨፍና ጥቂት ቆመች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እኔ! አቀፈችኝ፤ ልብሷ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። «አብሽሪ» አለችኝ፣ ጀርባዬን እየመታች፤ «አንቺ ምን ታደርጊ፣ የአላህ ሥራ ነው።» ልትሄድ ዞር አለችና በሩ ጋ ቆመች። ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮርኒሱ፣ ቀና ብላ አየች።

«ላይ የነበረውስ ልጅ» አለች በሹክሹክታ፣ «በደህና ወጣልሽ?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩላት።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ወደ ቤቷ ገባች።